ከ«ፒ» እያመለጠ ወደ ኋላ የሚሄደው ፒክአፕ፦ ረጅም የማርሽ ዘንግ በኦቶማቲክ ካምቢዮ ላይ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ጅማ ነው የምኖረው። የ1950ዎቹን የፎርድ ፒክአፕ ጋቢና አግኝቼ ከቶዮታ ፎርራነር በወጣ ቻሲስ ላይ አስቀመጥኩት። ሞተሩ 3.4 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር ነው፤ ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑም) አብሮት የነበረው ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ ኤ340 ነው። እንደ አሜሪካኖቹ ሆት ሮድ (በባለቤቱ ፍላጎት የተለወጠ አሮጌ መኪና) እንዲሆንልኝ የፋብሪካውን ማርሽ መቀየሪያ አውጥቼ ብየዳ ቤት ረጅም ዘንግ አሠራሁ። 12 ሚ.ሜ. ድፍን ብረት ነው፤ ወለሉ ላይ ከተበየደው መዞሪያ ፒን በላይ 60 ሴ.ሜ.፣ በታች 6 ሴ.ሜ.። ወደ መቀመጫው ትንሽ ታጥፏል፤ ጫፉ ላይ ግማሽ ኪሎ የሚሆን የነሐስ እጀታ አለው። ‹ፒ› (የማቆሚያው ቦታ) ላይ ሳደርገው እጀታው ክሩስኮቶውን (ከሾፌሩ ፊት ያለውን ሰሌዳ) ይነካል። ባለፈው ጅሬን ዳገት ላይ ‹ፒ› አድርጌ፣ ሞተር አጥፍቼ ወረድኩ፤ መኪናው ወደ ኋላ ሄዶ አጥር ገጨ። ኮረኮንች ላይ ራሱን ከ‹ዲ› (ወደፊት መንጃው) ወደ ‹2› (ዝቅተኛ ማርሽ) ያወርዳል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ደግሞ አንዳንዴ ወደ ‹ኤን› (ባዶ ማርሽ) ይወጣል። 4ኛ ማርሽ የለውም፤ ሞተሩ በየትኛውም ቦታ ላይ ይነሳል፤ ዘንጉ ይንጫጫል። ሁለት መካኒኮች ካምቢዮው ወርዶ ይከፈት አሉኝ። ዘንጉን ልቁረጠው? ለመስቀል አዲስ አበባ ልወስደውስ እችላለሁ?»

ሰላም ወንድሜ። ካምቢዮውን አታውርደው። ከጻፍከው ሁሉ ውስጡ ተበላሽቷል የሚያሰኝ አንድም ምልክት አላገኘሁም፤ ሁሉም ነገር ከዘንጉና ከሽቦው የሚመጣ ነው። ዘንጉንም ለመቁረጥ አትቸኩል፤ ቁመቱ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። ዛሬውኑ የምትጀምረው ግን አንድ ነገር አለ፦ እስኪስተካከል ድረስ «ፒ» የሚባል ነገር እንደሌለህ ቁጠረው። ስታቆም የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ከጎማው ሥር ታኮ አድርግ፣ ሞተሩን አጥፋ። ሞተሩ እየሠራ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ከመኪናው አትውረድ። ጅሬን ላይ በአጥር ያለፈልህ ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበር ነው። ሞተሩ እየሠራ ቢሆን ኖሮ፣ ከ«ፒ» እና ከ«አር» መሀል ተንጠልጥሎ የቀረው ዘንግ በንዝረቱ ብቻ ወደ «አር» (ወደ ኋላ ማርሹ) ሊገባ ይችላል። ያኔ መኪናው መንሸራተቱ ቀርቶ በሞተር ኃይል ወደ ኋላ ይነዳል።

ይህን ለማስፈራራት አይደለም የምጽፈው። አሜሪካ ውስጥ ፒ ላይ ቆመ የተባለ መኪና ወደ አር ተንሸራቶ ወደ ኋላ ይሄዳል የሚል አቤቱታ በዝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ከፎርድ ጋር በደረሰው ስምምነት ከ1966 እስከ 1980 ለተሠሩ 23 ሚሊዮን ገደማ መኪናዎች የማስጠንቀቂያ ተለጣፊ በየባለቤቱ አድራሻ ተልኳል። ይህ በፋብሪካ ተሠርተው ለተሸጡ መኪናዎች ነው። በብየዳ የተሠራ ዘንግ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጥርጣሬ ይገባዋል።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። በድሮ የጭነት መኪናና ፒክአፕ ላይ ረጅም ዘንግ የተሠራው ለመልክ አልነበረም። ዘንጉ በቀጥታ ከካምቢዮው ጣሪያ ወጥቶ ጥርሶቹን በራሱ ይገፋ ስለነበር ጉልበት ያስፈልገው ነበር፤ ረጅም ሲሆን ደግሞ የሾፌሩ ክንድ ኃይል ይበዛል። ኦቶማቲክ ላይ ይህ ፍላጎት የለም። ዘንጉ የሚያዝዘው ካምቢዮው ውስጥ ያለችውን ትንሽ የዘይት ቫልቭ ነው፤ እሷን በሁለት ጣት ማንቀሳቀስ ይቻላል። «ፒ» ላይ ብቻ ቆላፊውን ጥርስ የሚገፋ አንድ ብረት አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ኦቶማቲክ ከዘንጉ የሚፈልገው ጉልበት ሳይሆን ልክ ነው፤ ረጅም ዘንግ የሚያበላሸውም በትክክል ይህንኑ ነው።

ልኩን የሚሰጠው ማን ነው? ካምቢዮው ራሱ ነው። ጎኑ ላይ ካለችው ክንድ ጋር አብራ የምትዞር፣ ጠርዟ እንደ መጋዝ የተፈለፈለ ሳህን ውስጥ አለች፤ በላዩዋ ላይ ስፕሪንግ ያለው ትንሽ ሮለር ተጭኗል። ሮለሩ ወደ ጎድጓዳው ሲወድቅ «ቀጭ» የሚለው ያ ነው፤ «ፒ»፣ «አር»፣ «ኤን»፣ «ዲ»፣ «2»፣ «ኤል» (ከሁሉ ዝቅተኛው)። ከውጭ የምትሠራው ዘንግ ሥራው ሮለሩ ወደ ጎድጓዳው እስኪወድቅ ማድረስና ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው። ከወደቀ በኋላ የሚገፋው ወይም የሚጎትተው ማንኛውም ነገር ጠላት ነው፦ የእጀታው ክብደት፣ የቆዳው መሸፈኛ ድርቀት፣ የወለሉ መወዛወዝ፣ የክሩስኮቶው ጠርዝ። ያንተ ዘንግ ላይ ከእነዚህ ቢያንስ ሦስቱ አሉ።

ከሁሉ በፊት ካምቢዮውን ከጥርጣሬ እናውጣው። ሁለቱን የፊት ጎማዎች በታኮ ያዝ፣ የኋላውን በክሪክ አንስተህ ሁለቱንም ወገን በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) ላይ አስቀምጥ፤ ክሪክ ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ መኪና ሥር አትግባ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተለቆ፣ ማገናኛውን ብረት ከካምቢዮው ክንድ ፍታ። አሁን ክንዷን በእጅህ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሰዳት። ስድስት ቦታ ላይ ጥርት ብላ «ቀጭ» ካለችና በማንኛቸውም መሀል ቁማ ካልቀረች፣ የውስጡ ሮለርና ስፕሪንግ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ክንዷን «ፒ» ላይ አድርገህ ከኋላ ጎማዎች አንዱን አዙር። ሌላኛው ጎማ በተቃራኒው ቢዞር አትደንግጥ፤ ዲፈረንሻሉ ነው። የምታየው ትራስሚሲዮኑን፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ነው። እሱ ከተቆለፈ «ፒ» ይሠራል ማለት ነው። ይህን ሳያደርግ ካምቢዮ ይውረድ የሚል ሰው ገንዘብህን እንጂ መኪናህን እያሰበ አይደለም። ጨከንኩ መሰለኝ፤ ግን ይህ ሙከራ ለአንድ ዕቃ እንኳ ወጪ የለውም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ክንዷን ነፃ እንዳለች «ፒ» ላይ ተዋት፤ ከላይ ደግሞ ዘንግህን «ፒ» ብለህ ወደምታቆምበት ውሰደው። አሁን የማገናኛው ብረት ጫፍ ከክንዷ ቀዳዳ ጋር ይገጥማል? እንደምገምተው አይገጥምም፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጎድለዋል። የጎደለው ደግሞ እጀታው ክሩስኮቶውን ነክቶ ስለቆመ ነው። «ይነካል» ብለህ በአንድ ቃል ያለፍካት ነገር የጥያቄህ ዋና መልስ ናት። ሾፌሩ ዘንጉ ሲቆም ሲያይ ደርሷል ይላል፤ ካምቢዮው ግን ገና ከ«ፒ» ጎድጓዳ አፋፍ ላይ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? የዘንግህን ልክ ተመልከት። በላይ 60፣ በታች 6፤ ማለት ታች 1 ሴ.ሜ. ለማንቀሳቀስ እጀታው 10 ሴ.ሜ. መሄድ አለበት። የካምቢዮው ክንድ ከ«ፒ» እስከ «ኤል» ቀዳዳዋ ላይ የምትጓዘውን አንተ በማስመሪያ ለካው፤ ለምሳሌ 5 ሴ.ሜ. ቢሆን፣ እጀታህ ከክሩስኮቶ ወደ መቀመጫ 50 ሴ.ሜ. ይፈልጋል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ጋቢና ውስጥ ይህን ያህል ባዶ ቦታ የለም። ፊት ለፊት ብረት፣ ከኋላ ወንበር፤ ዘንጉ ሁለቱንም ሳይነካ ስድስቱን ቦታ ሊያዳርስ አይችልም። «ፒ» የጎደለህ በዚህ ነው፤ «ኤል»ም ጎድሎህ ይሆናል፣ ገና አልሞከርከው እንደሆነ እንጂ።

በዚህ ላይ ብረቱ ራሱ ይታጠፋል። 12 ሚ.ሜ. ድፍን ብረት 60 ሴ.ሜ. ላይ በ5 ኪሎ ብትገፋው ጫፉ ወደ 18 ሚ.ሜ. ይጎብጣል። ይህን እጅህ «ሄደ» ብሎ ይቆጥረዋል፤ ታች ግን ምንም አልሄደም። በምትኩ የውጭ ስፋቱ 22 ሚ.ሜ.፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚ.ሜ. የሆነ ቧንቧ ብትጠቀም፣ በዚያው ግፊት የሚጎብጠው ወደ 3 ሚ.ሜ. ነው። ክብደታቸው ግን ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም በሜትር 1 ኪሎ አካባቢ። ድፍን ብረት ጠንካራ ይመስላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ቧንቧ ይሻላል።

መፍትሔው የታችኛውን ክንድ፣ ማለት ከመዞሪያው ፒን በታች ያለውን የዘንጉን ክፍል፣ ማስረዘም ነው። ከ6 ወደ 10 ሴ.ሜ. ብታደርሰው፣ ላይኛው 60 እንዳለ ሆኖ የእጀታው ጉዞ ከ50 ወደ 30 ሴ.ሜ. ይወርዳል፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ቀጣዩ በአማካይ 6 ሴ.ሜ. ማለት ነው። ይህ ለእጅም ለዓይንም የሚመች ነው። ከታች ቦታ ከጠበበህ ላይኛውን ወደ 50 አውርደውና የታችኛውን 8 አድርገው፤ 31 ሴ.ሜ. ግድም ይመጣል። አየህ፣ ጥያቄው «ልቁረጠው ወይ» ሳይሆን የላይኛው ለታችኛው ስንት እጥፍ ነው የሚለው ነው። ከ6 እጥፍ ብዙ እንዳታልፍ እመክርሃለሁ። የካምቢዮውን ክንድ ቀዳዳ ወደ መሀል ማስጠጋትም ጉዞውን ያሳጥረዋል፤ ነገር ግን የፋብሪካውን ክንድ መብሳት ደስ አይለኝም፤ ከበሳኸውም ሌላ መለዋወጫ ክንድ በእጅህ ይኑር።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ዘንጉ የቆመበት ቦታ ነው። መዞሪያ ፒንህ ወለሉ ላይ ተበይዷል፤ ካምቢዮው ደግሞ በጎማ ሱፖርት ላይ ተንጠልጥሏል። ነዳጅ ስትረግጥ ሞተርና ካምቢዮ ወደ አንድ ጎን ይጠማዘዛሉ፤ ጋቢናውም በራሱ ጎማ ላይ ስለተቀመጠ በየጉድጓዱ የራሱን ጭፈራ ይጨፍራል። በሁለቱ መሀል ያለው ድፍን ማገናኛ ብረት ይህን ልዩነት ሁሉ ወደ ካምቢዮው ክንድ ያደርሰዋል። ዳገት ላይ ስትረግጥ ወደ «ኤን» የሚወጣብህ ይኸው ነው፤ ዘንጉን ማንም አልነካውም፣ ካምቢዮው ራሱ ከዘንጉ ሸሸ። ሱፖርቱ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። አንድ ሰው ፍሬን ይዞ «ዲ» ላይ አድርጎ በስሱ ነዳጅ ሲሰጥ አንተ ከጎን ሆነህ፣ ከመኪናው ፊትም ኋላም ሳትቆም፣ በኮፋኑ በኩል ሞተሩ ምን ያህል እንደሚነሳ ተመልከት። ከመቀመጫው ብድግ የሚል ከሆነ ሱፖርቱን መጀመሪያ ቀይር።

ወለል ላይ የቆመ ዘንግና ድፍን ማገናኛ ብረት አብረው አይሄዱም፤ አንዱን መተው አለብህ። ወይ ዘንጉን ካምቢዮው ላይ አቁመው፣ ወይ ወለሉ ላይ ትተኸው ማገናኛውን በሚገፋና በሚጎትት ኬብል ተካው። የአሜሪካኖቹ ረጃጅም መቀየሪያዎች በብዛት የሚሠሩት በመጀመሪያው መንገድ ነው፤ መቆሚያው በካምቢዮው ጅራት ላይ ይታሰራል፣ ዘንጉም ከካምቢዮው ጋር አብሮ ይወዛወዛል፣ በመሀላቸው ልዩነት አይኖርም። እኔም ላንተ ይህንን እመርጣለሁ። የካምቢዮው ቤት አልሙኒየም ስለሆነ አትበይደው፣ አትብሳውም፤ ያሉትን ብሎኖች ተጠቅመህ ከ5 ወይም 6 ሚ.ሜ. ላሜራ የተቆረጠ መቆሚያ እሰርባቸው። ብሎኑ የመቆሚያውን ውፍረት ያህል ረዘም ያለ ይሁን፤ አለበለዚያ የሚይዘው ክር ያንስና አልሙኒየሙን ይዞ ይወጣል። ወለሉ ላይ ደግሞ ዘንጉ በሁሉም ቦታው በዙሪያው 3 ሴ.ሜ. ያህል ነፃ የሚሆንበት ቀዳዳ ያስፈልግሃል።

ኬብሉን ከመረጥክ የኮሮላ ወይም የቪትዝ ኦቶማቲክ ኬብል ከአሮጌ ዕቃ ተራ ይገኛል፤ እነሱም ላይ ሥራው መግፋትና መጎተት ነው። ርዝመቱንና የሚጓዘውን ልክ ከክንድህ ጋር አመሳክረህ ግዛ፤ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ቱቦ አርቀው፣ በጠባቡ አትጠፈው፤ ሁለቱንም የሸፋኑን ጫፎች ግጥም አድርገህ እሰር። ሸፋኑ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ያው ልክ ማጣት ነው። የጅማ ዝናብ ደግሞ የኬብል ጠላት ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው የጎማ ቆብ ከተቀደደ ውኃ ገብቶ ውስጡ ይዝጋል፣ ከዚያ ዘንጉ ይከብድና «ቀጭ»ታው አይሰማህም።

ስለ ነሐሱ እጀታ። ያምራል፤ ግን ኮረኮንች ላይ ወደ «2» የሚያወርድብህ እሱ ነው። ዘንጉ ወደ መቀመጫው ስለታጠፈ እጀታው ከመዞሪያው ፒን ወደ ኋላ 20 ሴ.ሜ. ያህል ወጥቷል እንበል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ እጀታው ለቅጽበት የክብደቱን ሦስት እጥፍ ወደ ታች ይጫናል፤ ግማሽ ኪሎው 1.5 ኪሎ ሆነ። ይህ በ20 ሴ.ሜ. ተባዝቶ ለ6 ሴ.ሜ. ሲካፈል የታችኛው ክንድ ላይ 5 ኪሎ ግፊት ይሆናል፤ የብረቱን የራሱን ክብደት ሳንቆጥር። አቅጣጫውም ከ«ዲ» ወደ «2» ነው። በ80 እየሄድክ፣ አስፋልቱ ርጥብ ሆኖ፣ የኋላ ጎማዎች በድንገት በሞተር ሲያዙ የሚሆነውን አንተ አስበው። እጀታውን 100 ግራም በሚሆን እንጨት ተካውና የታችኛውን ክንድ 10 ሴ.ሜ. አድርገው፤ ያው ጉድጓድ 600 ግራም ብቻ ይገፋል። ጅማ ተቀምጦ ነሐስ ፍለጋ መሄድ ለኔ አይገባኝም፤ ባለ ሦስት እግሩን በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፍሉ እጆች ባሉበት ከተማ የዋንዛ እጀታ ማስጠረብ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለሆት ሮድም የበለጠ ያምርበታል።

አሁን ወደምወደው ሐሳብ ልምጣ። ያወጣኸውን የፋብሪካ መቀየሪያ ጥለኸው ካልሆነ መልሰህ አምጣው፤ ከጣልከው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላይ የዚያኑ ዓይነት ሙሉውን ፈልግ። የምትፈልገው የታችኛውን ግማሽ ነው፤ ጥርስ ያለውን መተላለፊያ፣ እጀታው ላይ ያለውን ቁልፍ ስትጫን የሚነሳውን ፒን፣ ቦኮላዎቹን (ፒን የሚዞርባቸውን ቀለበቶች)። ያንተ ዘንግ ላይ ይህ መተላለፊያ የለም፤ ስለዚህ የተሳፋሪ ጉልበት ወይም ወደ መሀል የተንሸራተተ ጆንያ ቢገፋው ከ«ዲ» በ«ኤን» በኩል ቀጥ ብሎ «አር» ሊገባ ይችላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ «ኤን» በፊትና በኋላ ማርሾች መሀል እንዲሆን፣ ሞተሪኖውም (ሞተር ማስነሻውም) «ዲ» ወይም «አር» ላይ እንዳይሠራ በደንብ ያስገደደችው ለቀልድ አይደለም። ከዚያ በፊት «አር» ከመጨረሻው ዝቅተኛ ማርሽ አጠገብ የነበረባቸው መኪናዎች ነበሩ።

የፋብሪካውን ዘንግ ከመካከሉ ቆርጠህ በቧንቧ አስረዝመው። ውስጡ ከቁልፉ ወደ ፒኑ የሚወርድ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ውጩን 25 ሴ.ሜ. ካስረዘምክ ውስጡንም ልክ 25 አስረዝም። አንዱ ከሌላው 3 ሚ.ሜ. ቢበልጥ ፒኑ ወይ አይነሳም ወይ ተነስቶ ይቀራል፤ ተነስቶ ከቀረ መተላለፊያው ጌጥ ብቻ ነው። የላይኛው ለታችኛው እጥፍ የሚለው ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ስለዚህ በ60 አትድረቅ። ስትበይድ የባትሪውን ሽቦ ፍታ፤ የካምቢዮውን ኮምፒውተር በብየዳ ያቃጠለ ብዙ ሰው አለ። ፍሬን ሳይረገጥ ከ«ፒ» እንዳይወጣ የሚያደርገው የኤሌክትሪክ መቆለፊያ አብሮ ካለ ሽቦውን ቀጥለው፤ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ብዙ ይጠቅማል።

ሞተሩ በየትኛውም ቦታ መነሳቱ የዘንጉ ጥፋት አይደለም፤ አንድ ሰው ከካምቢዮው ጎን ያለውን ማብሪያ አልፎ ሽቦውን በቀጥታ ቀጥሎታል። መልሰህ አስገባው። ይህ ማብሪያ ሞተሪኖውን ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላ ሲኬድ የሚበራውን መብራትም ያዝዛል፤ ለኮምፒውተሩም ዘንጉ «ኤን»፣ «2» ወይም «ኤል» ላይ መሆኑን የሚነግረው እሱ ነው። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ ክንዷን «ኤን» ላይ አድርግ፣ የማብሪያውን ብሎን አላላ፣ የመሀሉን ጎድጓዳ ጎኑ ላይ ከተሰመረው የ«ኤን» መስመር ጋር አስተካክል፣ መልሰህ እሰር። ከዚያ ፍሬን ይዘህ በስድስቱም ላይ ቁልፉን ሞክር፤ መነሳት ያለበት «ፒ» እና «ኤን» ላይ ብቻ ነው።

4ኛው ማርሽ የጠፋው ምናልባት በአንዲት የተላጠች ሽቦ ነው። የፋብሪካው እጀታ ላይ 4ኛን የሚከለክል ቁልፍ ነበረ። ቁልፉ ሲከለክል ሽቦውን ከቻሲስ ጋር ያገናኛል፣ ሲፈቅድ ይለቀዋል። ስለዚህ ሽቦው ተቆርጦ በንጹህ ከተሸፈነ 4ኛው ይሠራል፤ ተቆርጦ ጫፉ ብረት ከነካ ግን ኮምፒውተሩ «ተከልክያለሁ» ብሎ እስከ 3ኛ ብቻ ይሄዳል። የፋብሪካው ክሩስኮቶ ቢኖርህ የማስጠንቀቂያው መብራት ይነግርህ ነበር፤ በድሮው ፎርድ ክሩስኮቶ ግን ማን ይንገርህ። ሽቦዎቹን ከወለሉ ቀዳዳ አካባቢ ፈልጋቸው፤ ዘንጉ ሲመላለስ ያኘካት አንዷ ትሆናለች። እሷ ደህና ከሆነች ቴርሞስታቱ (የሞተሩን ሙቀት የሚጠብቀው የውኃ ቫልቭ) መኖሩን እይ። እኛ አገር ሞተር ጋለ በተባለ ቁጥር ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ልማድ ሆኗል፤ ይህ ኮምፒውተር ደግሞ ሞተሩ በቂ ሙቀት ካላገኘ 4ኛን አይፈቅድም፤ በጅማ የጠዋት ብርድ ደግሞ ቶሎ አይሞቅም።

ጫጫታውን ብዙ አልልም። መዞሪያው ፒን ላይ ብረት በብረት ከሆነ ቶርኖ ቤት የነሐስ ቦኮላ አስቆርጥ፤ ነሐስህን እዚያ ተጠቀምበት። ስፕሪንግ ሮንዴላ ጨምርበት፣ ማገናኛው ጫፍ ላይ ያለውን የሰፋ ቀዳዳ ሙላና እንደገና ብሳ፤ ኮፒሊያውን (ፒኑ እንዳይወጣ የሚይዘውን ሽቦ) አትርሳ። ጫጫታ ለማጥፋት ብለህ የመዞሪያውን ዳዶ (የብሎን ፍሬ) አጥብቀህ አትሰር፤ የጠበቀ ዘንግ «ቀጭ»ታውን ይደብቃል፣ ሮለሩ ሊስበው ሲል እምቢ ይላል።

የወለሉን ቀዳዳ በደረቅ ቆዳ ወይም በጎማ ቁራጭ አትዝጋው፤ ዘንጉን እየገፋ ከቦታው ያወጣዋል። ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ) የተቆረጠ ስስ ጎማ በሁለት ድርብ፣ ዙሪያውን በላሜራ ቀለበት ተይዞ ይበቃል። መዝጋቱን ግን አትተው፦ ከጭቃው በላይ የማርሚታ ጭስ በዚያ ቀዳዳ ወደ ጋቢና ይገባል፣ መስኮት ዘግተህ በዝናብ ስትነዳ ያ ጭስ ያሰክራል፣ ይገድላልም።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ማገናኛውን የምታስተካክለው እንዲህ ነው። የማገናኛውን ዳዶ አላላ። የካምቢዮውን ክንድ በእጅህ ወደ «ፒ» ጫፍ እስክትቆም ውሰዳት፤ ከዚያ ሁለት «ቀጭ» መልሳት፤ «አር» አለፈች፣ «ኤን» ላይ ናት። ላይ ያለ ሰው ዘንጉን «ኤን» ላይ አድርጎ በስሱ ወደ «አር» በኩል ደገፍ ያድርገው፤ የተላላው ክፍተት ወደ አንድ ወገን እንዲሰበሰብ ነው። እንደዚያ እያለ ዳዶውን እሰር። አሁን «ፒ» ላይ አስገባና ካምቢዮው «ቀጭ» ካለ በኋላ እጀታውን ወደፊት ግፋው፤ ክሩስኮቶውን ወይም ማቆሚያውን ከመንካቱ በፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ትርፍ ጉዞ መቅረት አለበት። «ኤል» ላይም እንዲሁ። ትርፍ ከሌለ ዘንጉ እንጂ ካምቢዮው አልደረሰም፤ ልኩን እንደገና አውጣ። እግረ መንገድህን ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ኬብል ካለው፣ ወለሉ ሲቆረጥ እንዳልተጨፈለቀ ተመልከት፤ እሱ የተዛባ ኦቶማቲክ ፍሪሲዮኖቹን (በውስጡ ማርሾቹን የሚይዙትን ሳህኖች) ይበላል።

ከዚያ ሙከራ። ሜዳ ላይ ሞተሩን አስነሳ፣ የእግር ፍሬን አጥብቀህ ረግጠህ ዘንጉን «ፒ» እና «አር» መሀል ለማቆም ሞክር፤ ስትለቀው ወደ አንዱ መውደቅ አለበት። በመሀል ቆሞ ከቀረ ገና ነው። ቀጥሎ ቀላል ዳገት ላይ፣ ከኋላ ጎማው 10 ሴ.ሜ. ርቆ ታኮ አድርገህ፣ «ፒ» አስገብተህ ሞተር አጥፍተህ ፍሬኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ። መኪናው ጥቂት ተንገዳግዶ ቀጥ ካለ ያዘ። ታኮው ላይ ከደረሰ አልያዘም።

የመስቀሉን ጉዞ በተመለከተ፦ አሁን ባለበት ሁኔታ አይሆንም። ከጅማ አዲስ አበባ ስትሄድ ወደ ጊቤ የሚወርደው ቁልቁለት «2»ን፣ አልፎ አልፎም «ኤል»ን ይፈልጋል፤ በፍሬን ብቻ ከወረድክ ሸራው ይግላል፣ ከዚያ ፍሬን አይይዝልህም። «ኤል» ያልደረሰ ወይም ራሱን የሚቀይር ዘንግ ይዞ እዚያ መግባት አይቻልም። ሥራው ካለቀ በኋላ መጀመሪያ እስከ ሰርቦ ደርሰህ ተመለስ፤ ስትመለስ የመቆሚያውን ብሎኖች እንደገና አጥብቅ፣ አዲስ የታሰረ ነገር ሁሉ በመጀመሪያው ጉዞ ይላላል። ለመስቀል ካልደረሰልህ ፒክአፑን ጅማ ትተህ በአውቶቡስ ሂድ። የካምቢዮውን ክንድ ጉዞና ከክሩስኮቶ እስከ መቀመጫ ያለውን ርቀት ለክተህ ጻፍልኝ፤ የታችኛው ክንድ ስንት መሆን እንዳለበት አስልቼ እልክልሃለሁ።